ጉልቻ ስለ መለዋወጥና መልስ ስለ መስጠት

(በተማሪዎችና በመምህራን የውይይት ስብሰባ ላይ የተነገረ)



«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፥ ሲይዙት ያደናግር» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሚነገረው ሹመትን ከሩቅ እያየ ለሚመኝ ነው። ዛሬ ግን የምንናገረው ስለ እውነተኛ ከበሮ ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ አገር ስለሚወዳደሩት የከበሮና የጡሩምባ ጓዶች፥ ይልቁንም ስለ መሪዎቻቸው መለዋወጥና መሪዎቹ ለማን መልስ እንደሚሰጡ ነው። «እስከ አሜሪካ ድረስ ሄዳችሁ ስለ ታምቡር መቺ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚለን አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። ወጣቶች ገብተው የሚወጡበት፥ መሪው ግን የማይወጣበት ማኅበር ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ ይይዘዋል። የእነዚህ ጓዶች ታሪክ ደግሞ በሽታውን ከነመነሻው ለመመርመር የሚመች ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እናስረዳ። የማርሽ ሙዚቃ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ. ም. 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ከኢየሩሳሌም አምጥተው የነሐስ ሙዚቃ ካቋቋሙ ወዲህ ጡሩምባና ሰልፍ አብረው ሲሄዱ አይተናል። የአሜሪካው ጓድ ግን ከዚህ ይለያል። ሥሩ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ባቋቋሟቸው ማኅበራት ውስጥ ነው፤ ዛሬ ግን የወታደር ሳይሆን የወጣቶች ማኅበር ነው። አባላቱ ዕድሜያቸው ከ22 ዓመት በታች የሆነ ወጣቶች ናቸው። በትልልቆቹ ጓዶች ቁጥራቸው ወደ 150 ይደርሳል። አንዳንዶቹ የነሐስ መሣሪያ ይነፋሉ፤ አንዳንዶቹ ከበሮ ይመታሉ፤ ሌሎቹ ባንዲራ እያወዛወዙ በሜዳው ላይ ይጨፍራሉ። በሰኔ መጨረሻ ጉዞ ይጀመራል። ሌሊት በአውቶቡስ ይጓዛሉ፤ በየትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ወለል ላይ ይተኛሉ፤ ቀን በፀሐይ ይለማመዳሉ፤ ማታ በሜዳ ላይ ይወዳደራሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ደመወዝ እየተቀበሉ አይደለም፤ እያንዳንዱ ወጣት ለወቅቱ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ዶላር ይከፍላል። በነሐሴ ወር የመጨረሻው ውድድር ይደረጋል፤ ዳኞችም ከ100 ነጥብ ይሰጣሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ወጣቱ ከቤቱ ርቆ፥ ደክሞት፥ የሚበላውንና የሚተኛበትን ሌላ ሰው እየወሰነለት ሳምንታት ያሳልፋል። በሚመጣው ዓመት ቦታ ማግኘቱና አለማግኘቱም በዚያው ሰው እጅ ነው። እንዲህ ያለ ሥልጣን ባለበት ቦታ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ ባለ ሥልጣኑ የሚፈራው ማንን ነው?

ዛሬ ዋናዎቹን ጓዶች የሚያስተባብረው «ድራም ኮርፕስ ኢንተርናሽናል» የተባለው ድርጅት የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) እስከ 1970ዎቹ መግቢያ ድረስ ትልልቆቹን ውድድሮች የሚያዘጋጁትና ደንቡን የሚያወጡት የጦር ተመላሾቹ ማኅበራት ነበሩ። የጓዶቹ መሪዎች «ልፋቱ የእኛ፥ ደንቡና ገንዘቡ የሌላ» ብለው ተነሡ፤ ተባብረውም የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1972 በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር በዋይትዋተር ከተማ ተደረገ፤ ያሸነፈውም ከካሊፎርኒያ የመጣው የአናሃይም ኪንግስሜን ጓድ ነበር።

ይህ አመፅ ፍትሐዊ ነበር እንላለን። ነገር ግን ለማን መብት እንዳስገኘ እንመርምር። በአዲሱ ድርጅት ድምፅ ያገኙት ጓዶቹ ናቸው፤ የጓዶቹም ድምፅ የሚሰማው በመሪዎቻቸው አፍ ነው። በአዳራሽ ወለል ላይ የሚተኛው ወጣት ግን ቀድሞም ድምፅ አልነበረውም፤ በኋላም ባለ ድምፅ አልሆነም። አለቆች ከአለቆች ሥልጣን ወሰዱ። መሪው ወደ ላይ መልስ ከመስጠት ዳነ፤ ወደ ታች መልስ እንዲሰጥ ግን ያስገደደው አልነበረም።

ሁለተኛም የጊዜ ነገር አለ። ወጣቱ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቈይቶ ዕድሜው ሲሞላ ይሰናበታል። መሪው 20 ወይም 30 ዓመት ይቀመጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተደረገውን የሚያስታውስ አባል በሰልፉ ውስጥ አይገኝም። የማኅበሩ ትዝታ ሁሉ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ይከማቻል፤ እሱ ደግሞ የሚያስታውሰው የሚጠቅመውን ነው። የተበደለ ሰው ቢኖር ብቻውን ተበድሎ፥ ብቻውን አዝኖ ይወጣል፤ ከእሱ በፊት ሌላ ሰው እንደዚሁ መበደሉን የሚነግረው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌያችን እንድረስ። በ1934 በኒው ጀርዚ፥ በጋርፊልድ ከተማ፥ በአንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደብር የተቋቋመ ጓድ ነበር፤ በኋላ «ካዴትስ» በሚል ስም ታወቀ። ከ1983 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ውስጥ 10 ጊዜ የድራም ኮርፕስ ኢንተርናሽናል ሻምፒዮን ሆኗል። ከ30 ዓመት በላይ አንድ ዋና ኀላፊ ነበረው። ስሙን እዚህ የማናነሣው ነገራችን ከሰውየው ይልቅ ስለ ወንበሩ ስለሆነ ነው። በ2018 ሚያዝያ ወር የፊላዴልፊያ ጋዜጣ 9 ሴቶች በዚህ ሰው ላይ ያቀረቡትን የነውርና የፆታ ጥቃት ክስ አወጣ። የተናገሩትም እስከ 40 ዓመት ወደ ኋላ የሚሄድ ነበር። ሰውየው ሥራውን ለቀቀ፤ ወዲያውም የቦርዱ አባላት ለቀቁ። አዳዲስ ሰዎች ተተኩ።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀ መሰለው። መሪው ሄዷል፤ ቦርዱ ሄዷል፤ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? ያገራችን ሰው ግን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል። በ2023 ጓዱ እንደ ልማዱ ተሰልፎ ተወዳደረ። በ2024 ጥር ወር ግን ሥራውን ማቆሙን አስታወቀ። ያቆመውም በ1980ዎቹ ደርሶብኛል ስላለችው የፆታ ጥቃት አንዲት የቀድሞ አባል ባቀረበችው የፍርድ ቤት ክስ ምክንያት ነው። 90 ዓመት የኖረ ቤት ተዘጋ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል፤ እኛም ልናልፈው አንፈልግም። በ2023 የተሰለፉት ወጣቶች ክሱ በሚናገርበት ዘመን ገና አልተወለዱም። አንድም አላጠፉም። ታዲያ ባላጠፉት ጓዳቸውን ማጣታቸው ግፍ አይደለምን? «ከ40 ዓመት በኋላ ሙት ወቃሽ ከመሆን ዝም ቢባል ይሻል ነበር» የሚሉ አሉ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውንም ተረት ይጠቅሳሉ።

እኛ ግን ዝምታ ይነቅዛል እንላለን። ዕዳ በከሳሽዋ ቀን አልተጀመረም፤ የተጀመረው ጥፋት በተፈጸመበት ቀን ነው፤ የወለደው ደግሞ ሰሚ በታጣበት በያንዳንዱ ዓመት ነው። የበደል አቤቱታ የሚቀበል፥ መዝግቦ የሚይዝ፥ ከመሪው ሥልጣን ውጪ የሆነ ሰው በጊዜው ቢኖር ኖሮ ነገሩ ጥፋት አድራሹን ብቻ በነካ ነበር። በጊዜው ያልተጠየቀ ሰው ዕዳውን ለልጆች ያወርሳል። በ2023 ለተሰለፉት ወጣቶች የምናዝን ከሆነ፥ ልንቈጣ የሚገባን ዘግይታ በተናገረችው ላይ ሳይሆን ቀድመው መስማት ሲገባቸው ባልሰሙት ላይ ነው።

ሌላም መከራከሪያ እንሰማለን። «ብርቱ መሪ ባይኖር 10 ጊዜ ማሸነፍ አይገኝም፤ በየጊዜው መልስ ስጥ እየተባለ ሥራ አይሠራም» ይባላል። ብርቱ መሪ ማስፈለጉን አንክድም፤ 150 ወጣት በአንድ እግር የሚያስረግጥ ሰው ቀላል ሰው አይደለም። ነገር ግን ዳኞቹ ከ100 ነጥብ ሲሰጡ የሚመለከቱት ሙዚቃውን፥ ሰልፉንና የትርኢቱን ግርማ ነው። ማታ አውቶቡሱ ውስጥ ስለሚሆነው የሚሰጥ ነጥብ የለም። ስለዚህ ድል የሚመሰክረው ስለ ሜዳው ብቻ ነው፤ ስለ ቤቱ ምስክር ይሆናል ብሎ መቀበል ታላቅ ስሕተት ነው። እንዲያውም ዋንጫ በበዛ ቁጥር ጠያቂ ያንሳል።

ስለ ገንዘብ አያያዝም አንድ ቃል እንጨምር። እነዚህ ጓዶች ለትርፍ ያልተቋቋሙ ማኅበራት ናቸው። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ገቢና ወጪያቸውን፥ የዋና ኀላፊዎቻቸውንም ደመወዝ በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤት ያስታውቃሉ፤ ወረቀቱንም ማንም ሰው ጠይቆ ሊያየው ይችላል። እንግዲህ ስለ ዶላር መልስ የሚሰጥበት መዝገብ ነበረ፤ ስለ ሰው መልስ የሚሰጥበት መዝገብ ነው የጠፋው። ከዚህ የምንማረው፥ የሒሳብ መዝገብ መጣራቱ ብቻውን ማኅበሩ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አለመሆኑን ነው።

ችግርን በጊዜው ማየት እንደሚቻል ደግሞ ሌላ ጓድ ያሳየናል። በ1967 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው «ሳንታ ክላራ ቫንጋርድ» 7 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ጓድ ነው፤ የመጨረሻውን ያገኘው በ2018 ነበር። የገንዘብና የአስተዳደር ችግር ሲገጥመው በ2023 ወደ ሜዳ አልወጣም። ለእንዲህ ያለ ባለ ዝና ጓድ አንድ ዓመት መቅረት ቀላል ነገር አይደለም፤ ዕድሜያቸው በዚያ ዓመት ላበቃ ወጣቶች የማይመለስ ነው። ነገር ግን ቤቱን ለማደስ ጊዜ ወስዶ በ2024 ተመልሶ ተሰለፈ። ሕመሙ ካዴትስን ከመታው የተለየ መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም አንዱ በራሱ ፈቃድ አንድ ዓመት ቆመ፤ ሌላው ሳይወድ ለሁልጊዜው ቆመ። ልዩነቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤

ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ? እኛ አራት ነገሮችን እናቀርባለን።

1ኛ/ መሪውን የሚቈጣጠረውን ቦርድ መሪው ራሱ አይምረጠው። የቦርዱም አባላት የተወሰነ ዘመን ይኑራቸው።

2ኛ/ አቤቱታ የሚቀበለው ሰው ከመሪው ደመወዝና ትእዛዝ ውጪ ይሁን። የቀረበለት ሁሉ በጽሑፍ ይያዝ፤ መሪ ሲለወጥም መዝገቡ አይለወጥ።

3ኛ/ ሥራ የሚያስረክብ መሪ ቁልፍና ማኅተም ብቻ አያስረክብ፤ ያላለቀውን ነገር፥ ያልተመለሰውንም አቤቱታ ዘርዝሮ ያስረክብ። የሚረከበውም «ከእኔ በፊት ነው» ማለት አይፈቀድለት።

4ኛ/ አዲስ አባል ሲገባ ግዴታው ብቻ ሳይሆን በደል ቢደርስበት የሚሄድበት ቦታ በመጀመሪያው ቀን ይነገረው።

እነዚህ ደንቦች ለአሜሪካ ታምቡር መቺዎች ብቻ የተቈረጡ አይደሉም። እኛም እዚህ ግቢ ውስጥ አላፊዎች ነን፤ በአራትና በአምስት ዓመት እንሄዳለን። የስፖርት ክበባችን፥ የቴያትር ክበባችን፥ ይኸው ማኅበራችንም በየዓመቱ ሹማምንቱን ይመርጣል። ምርጫ ሲደርስ ክርክራችን ሁሉ «ማን ይውረድ፥ ማን ይውጣ» የሚል ነው። የሚወርደው ሰው ምን አድርጎ ወረደ፥ የሚወጣውስ ምን ተረክቦ ወጣ ብለን የጠየቅንበት ጊዜ ጥቂት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት እንደ ቀልድ የሚነገርበት ምክንያት የሚጠይቅ መዝገብ ስለሌለ ነው።

በሚመጣው ምርጫ ድምፃችንን ከመስጠታችን በፊት ለያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ጥያቄ እንድናቀርብ እንለምናለን፤ «ብትበድለን ለማን እንሂድ?» ይህን ጥያቄ ሳይቈጣ የሚመልስ ሰው ከበሮውን ይያዝ።