ባለ ስንጥብ እንጉዳዮችን ስለ መመደብና ስለ መለየት፤ ከቆቦ ሜዳ እስከ ሠፈራ ጣቢያ



በቆቦ ሜዳና በራያ ቆላ እንጉዳይ ዓመቱን ሙሉ የሚገኝ ነገር አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ በምስጥ ኩይሳ ዙሪያ፣ በእበትና በግጦሽ መሬት ላይ ብቅ ይላል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ጠውልጎ ይጠፋል። ይሁን እንጂ ይህ አጭር ጊዜ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ማሽላው ገና በማሳ ቆሞ ጎተራው የሚራቆትበት፣ ያለፈው ዓመት ዝናብ ቀርቶ እንደሆነም ረሀቡ የሚበረታበት ወቅት ይኸው ነው። የተራበ ሰው፣ በተለይም ሕፃን፣ ከመሬት የበቀለውን ሁሉ ለመቅመስ የሚገደደው ያን ጊዜ ነው።

አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ እንጉዳይን «የጅብ ጥላ» ብሎም ይጠራዋል። ስሙ ራሱ አንድ ዓይነት ምደባ ነው፤ ለሰው የተሰጠ ምግብ አለመሆኑን ያስጠነቅቃል። ችግሩ የሚብሰው አገር ሲለወጥ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሰዎች ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ ሲወሰዱ የደረቅ አገር ሰው ዝናብ ከበዛበት ደን ገባ። በምዕራቡ ደን ከሚኖሩት ነባር ሕዝቦች መካከል ማጃንጎች ብዙ ዓይነት የዱር እንጉዳይ ለይተው ይመገባሉ። አዲሱ ሠፋሪ ጎረቤቱ ሲበላ አይቶ፣ የመለያ ዕውቀቱን ግን ሳይዝ ቢለቅም አደጋው ግልጽ ነው።

ባለ ስንጥብ እንጉዳይ የሚባለው ከባርኔጣው ሥር እንደ ዓሣ ስንጥብ፣ ወይም እንደ መጽሐፍ ገጾች የተደረደሩ ስስ ክፍሎች ያሉት ነው። ዘሩን የሚተካባቸው ብናኞች የሚፈጠሩት በነዚሁ ላይ ነው። ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባለ ስንጥቦቹን አጋሪከስ በሚል አንድ ስም ሥር ሰበሰባቸው። የአገሩ ሰው ኤልያስ ፍሪስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1821 ጀምሮ በብናኛቸው ቀለም ከፋፈላቸው። ከዚያ ወዲህ የተደረገው የዲ ኤን ኤ ምርመራ ስንጥብ በተለያዩ ወገኖች በየፊናው እንደ ተገኘ ስላሳየ፣ መልክ መመሳሰል ዝምድናን አያረጋግጥም። ቢሆንም የብናኙ ቀለም በመስክ ለሚሠራ ሰው ዛሬም ይጠቅማል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባርኔጣው ከእግሩ ተቆርጦ፣ ስንጥቡ ወደ ታች ሆኖ፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ይቀመጣል፤ ብርጭቆ ተደፍቶበት ያድራል። በማግሥቱ ብናኙ በወረቀቱ ላይ ይታያል። የአጋሪከስ ብናኝ ጥቁር ቡናማ፣ በምስጥ ኩይሳ ላይ የሚበቅለው የቴርሚቶማይሰስ ፈዛዛ ሮዝ፣ የአማኒታ ነጭ ነው። ክሎሮፊለም ሞሊብዲተስ የተባለው አረንጓዴ ብናኝ አለው፤ ለጋ ሳለ ግን ስንጥቡ ነጭ ስለሆነ ከሚበላው ጋር ይምታታል፤ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥም ያስከትላል።

ሆኖም ቀለም ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ከአማኒታ ወገን ገዳይ የሆኑት በእግራቸው ላይ ቀለበት፣ ከታች ደግሞ ከረጢት አላቸው። ከረጢቱ በአፈር ውስጥ ስለሚቀር፣ ከላይ የተቀነጠበ እንጉዳይ ዋናውን ምልክት ጥሎ ይመጣል። በሌላ በኩል የሚበላው ቮልቫሪየላም ከረጢት አለው፤ ብናኙ ግን ሮዝ ነው። ሮዝ ብናኝ ያላቸው መርዘኞችም አሉ። ስለዚህ እንጉዳዩ ከሥሩ ተቆፍሮ መውጣትና ምልክቶቹ ሁሉ በአንድነት መመርመር አለባቸው። የብር ሳንቲም ወይም ሽንኩርት ያጠቁራል፣ ከብት ወይም ትል በልቶታል የሚሉት ፈተናዎች ከንቱ ናቸው።

የአማኒታ መርዝ በማብሰል አይጠፋም። ሕመሙም የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው። ትውከቱና ተቅማጡ ጋብ ብሎ በሽተኛው የዳነ ይመስላል፤ ጉበቱ ግን እየተጎዳ ይሄዳል። ተቅማጥ በተለመደበት መጠለያ ይህ እንደ ሌላ በሽታ ተቆጥሮ ሊታለፍ ይችላል። ስለሆነም የጤና ሠራተኛው «ትናንት ምን በላህ? አብሮህ የበላስ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ትራፊውን ማስቀመጥና በሽተኛውን ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መላክ ይገባዋል። ሠፋሪውም የአካባቢው ነባር ዐዋቂ በዓይኑ አይቶ ያልመሰከረለትን እንጉዳይ እንዳይበላ ሊመከር ይገባል።

በመጨረሻም፣ ከትኩስ እንጉዳይ 90 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው፤ የእህል ራሽንን አይተካም። ምክር ብቻውን የተራበን እጅ አይመልስም። ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ እህሉ ከሐምሌ በፊት መድረሱ ነው።