የዴዝዴሞና መሐረብ

አዲስ አበባ የሚገኘው ብሔራዊ ቴአትር ስንደርስ ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ይታወሱናል። የሼክስፒርን «ኦቴሎ» ወደ አማርኛ የመለሱልን እሳቸው ናቸው።

በቴአትሩ ውስጥ ዴዝዴሞና ከአባቷ ተደብቃ የጦር አዛዡን ኦቴሎን አገባች። አባትየው «መስተፋቅር አሰርቶባት ነው» ብሎ ከሰሰ፤ እሷ ግን ሸንጎ ፊት ቆማ ወድዳ እንዳገባችው ተናገረች። ታዲያ ትዳሩን ምን አፈረሰው? አንድ የወደቀ መሐረብ። አገልጋይዋ ኤሚሊያ አንስታ የኦቴሎ የበታች መኮንን ለሆነው ባሏ ለኢያጎ ሰጠችው፤ እሱም የክህደት ማስረጃ አደረገው። ኦቴሎ የሚስቱን ቃል ሳያምን ገደላት። እውነቱን ያወጣችው ኤሚሊያም በባሏ እጅ ሞተች።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕጋችን ለጋብቻ የተጋቢዎችን ነፃ ፈቃድ ይጠይቃል። ቴአትሩ ደግሞ ከፊርማው በኋላ ያለውን ይጠይቃል፦ ፈቅዳ ያገባች ሴት በገዛ ቤቷ ቃሏ ይታመናል ወይ?