አንድ መዝገብ ከብዙ እጆች
(ለጀመዓው የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



የዛሬው ርእሳችን በተለያዩ ሰዎች የእጅ ስልክ የተመዘገቡ ስሞች ወደ አንድ መዝገብ ሲጠቃለሉ ስለሚያጋጥመው ችግርና ስለ መፍትሔው ነው። ነገሩ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን እንደምታውቁት ዘካተል ፊጥር ከዒድ ሶላት በፊት ለባለመብቱ መድረስ አለበት። ጊዜው አጭር በመሆኑ አራት ወጣቶች አራት ስልክ ይዘው በየሰፈሩ ቢሰማሩ፣ ማታ አራቱ መዝገብ አንድ መሆን ይኖርበታል። በዚያች ሰዓት አንድ ስም ሁለት ጊዜ ቢገባ የሌላው ድርሻ ይጎድላል። አንድ ስም ቢጠፋ ደግሞ የቲሞችን የምታሳድግ እናት ባዶ እጇን ትመለሳለች። ስለዚህ ጉዳዩ የአማና ጉዳይ ነው።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ፓይለት የተባለው በእጅ የሚያዝ ኮምፒውተር በ1996 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ፣ ሆትሲንክ የሚባል ሥርዓት ነበረው። ይኸውም ባለቤቱ መሣሪያውን ከጠረጴዛ ኮምፒውተሩ ጋር ሲያገናኝ የሁለቱን መዝገብ እያነጻጸረ እኩል የሚያደርግ ነው። በመዝገቡ ያለው እያንዳንዱ መስመር መለያ ቁጥር፣ እንዲሁም መለወጡን ወይም መሰረዙን የሚያሳይ ምልክት ነበረው። አንድ መስመር በሁለቱም በኩል በተለያየ መንገድ ተለውጦ ከተገኘ፣ ሥርዓቱ ሁለቱንም አስቀርቶ ውሳኔውን ለባለቤቱ ይተው ነበር። ነገር ግን መለያ ቁጥሩ የሚያገለግለው በዚያው መዝገብ ውስጥ ብቻ ነው። የሁለት ሰዎች መሣሪያዎች ለሁለት የተለያዩ መስመሮች አንድ ዓይነት ቁጥር ሊሰጡ ይችሉ ነበር። ዛሬም በስልክ ስንመዘግብ መሰናክሉ ከዚሁ ይጀምራል።

እንግዲህ ልናስተውላቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛው መለያ ቁጥር ነው። ሁሉም ስልኮች ከ1 ጀምረው ቢቆጥሩ አራት "17ኛ" ቤተሰቦች ይኖሩናል። ሲዋሐዱም አንዱ ሌላውን ሊሸፍነው ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስልክ ፊደል ይሰጠው፤ "ሀ-17" እና "ለ-17" ከቶ አይጋጩም። በ2008 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኦዲኬ የተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ቅጽ እጅግ ረጅም የሆነ፣ በዕጣ የወጣ ቁጥር የሚሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ብዙ ፕሮግራሞች አንድ መስመር በሁለት ሰው ሲለወጥ በኋላ የተጻፈውን ይወስዳሉ። እኛ ዘንድ ግን ስልኩን በአገራችን አቆጣጠር የሚሞላ ሰው አለ። እንበልና አንዱ መዝጋቢ ጠዋት በ3 ሰዓት "የቤተሰቡ ብዛት 6" ብሎ ጻፈ፤ ስልኩ 9:00 ይላል። ሌላው በ5 ሰዓት ቤቱ ድረስ ሄዶ "7" ብሎ አረመው፤ የእርሱ ስልክ ግን 5:00 ይላል። ኮምፒውተሩ 9:00 የኋለኛው ነው ብሎ ትክክለኛውን እርማት ይጥለዋል፤ አንድ ሕፃንም ከቁጥር ይወጣል። በመሆኑም ከመሰማራታችን በፊት የሁሉም ስልክ ሰዓትና ቀን አንድ ይሁን። ደግሞም አንዱ የስልክ ቁጥር፣ ሌላው የቤተሰብ ብዛት ለውጠው ከሆነ፣ መስመሩን በጅምላ ከመተካት ሁለቱንም እርማት መቀበል ይገባል።

ሦስተኛው ስም ነው። "ፋጡማ" እና "ፋጢማ" አንዲት ሴት ልትሆን ትችላለች። "ሙሐመድ" እና "ሙሀመድ" ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሐመሩ ሐ እና ሃሌታው ሀ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በሌላ በኩል አሕመድ ሙሐመድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀበሌ መኖራቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ ስም ብቻውን ለማዋሐድም ለመለየትም አይበቃም። የአያት ስም፣ የእናት ስም፣ የቤት ቁጥር ይጨመርበት።

አራተኛው ስረዛ ነው። አንድ ሰው ከሰፈር ቢለቅና ከአንዱ ስልክ ዝም ብሎ ቢጠፋ፣ በሌላው ስልክ ያለው ስሙ ሲዋሐድ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ መስመሩን አናጥፋ፤ "ለቋል" የሚል ምልክት ከነቀኑና ከነመዝጋቢው ስም ይጻፍበት።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሁሉ በላይ ልታስታውሱት የሚገባው ነገር ይህ ነው፦ ኮምፒውተር ያነጻጽራል እንጂ አይመሰክርም። ተመሳሳይ መስመሮችን ጎን ለጎን አቅርቦ ያሳየን፤ አንድ ሰው ናቸው ወይስ ሁለት የሚለውን ግን ሰፈሩን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ይወስኑ። ጥርጣሬ ካለ ሁለቱም ስሞች ይቆዩና በማለዳ ሰው ተልኮ ይጣራ። የአራቱም ስልክ መዝገብ ሳይነካ አንድ ቅጂ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ስሕተት ቢገኝ የምንመለሰው ወደ እርሱ ነውና። ሥራው ሲጠናቀቅ ደግሞ የችግረኞች ስም በየኪሳችን እንዳይዞር ከስልኮቹ ላይ ይጥፋ፤ የሰውን ችግር መሸሸግም አማና ነው።