«አሉ» የምትለው ቃል



ዛሬ የማነሣው የሙሉቀን መለሰን «ሄደች አሉ» ነው። ሙሉቀን በ1946 ዓ.ም. በእኛው ጎጃም ተወልዶ፣ እናቱን በልጅነቱ አጥቶ፣ አዲስ አበባ ያደገ ድምፃዊ ነው። ይህን ዘፈን ሲጫወት ዕድሜው ሃያ ግድም ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሆኖታል። ለምን አላረጀም?

እኔ ምስጢሩን የማገኘው «አሉ» ከምትለው ቃል ነው። «ሄደች» ብቻ ቢል ያየውን መናገሩ ነበር። «ሄደች አሉ» ሲል ግን ስትሄድ አልነበረም፤ አልተሰናበተችውም፤ ወሬው በሰው አፍ ደረሰው። እንዳያምን አላየ፣ እንዳይክድ ሰምቷል። ሁለት ፊደል ናት፤ ተስፋውም ጥርጣሬውም እሷው ውስጥ ነው።

እኛ የኢንጅባራና የዳንግላ ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። በልጅነቴ ዳንግላ መናኸሪያ ከባሕር ዳር የመጣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ሰው ይከበዋል። «እገሌ መተማ ወረደ አሉ»፣ «እገሊት ዓረብ አገር ገባች አሉ»። አያቴ አገውኛ እንጂ አማርኛ ብዙም አይቀናቸውም ነበር። ይህ ዘፈን ከቴፑ ሲወጣ ግን እንዝርታቸውን ያቆሙ ነበር። የካሴቱ ክር ተጎልጉሎ ሲወጣ ወንድሜ በቢክ እስክሪብቶ እያሽከረከረ ይመልሰዋል፤ እሳቸው እጁን እጁን እያዩ ዝም ብለው ይጠብቃሉ።

ያላረጀ ዘፈን ሌላም ቦታ አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ወጣቶች በየመንገዱ ጥግ ድምፅ ለድምፅ እያስተባበሩ የሚዘፍኑት ዱ-ዎፕ የሚባል ስልት ነበር። ፋይቭ ሳቲንስ የተባሉ ዘፋኞች እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጡት «ኢን ዘ ስቲል ኦቭ ዘ ናይት» የተቀረጸው በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፤ ደራሲው ፍሬድ ፓሪስ ያኔ ወታደር ነበር። እስከ ዛሬ ይደመጣል። ዘፋኙ ግን የኖረበትን ሌሊት ነው የሚያስታውሰው። የእኛው ሙሉቀን ያላየውን መለየት ይሸከማል፤ ይህ ይከብዳል።

በ1990 ዓ.ም. ግድም ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳይ በጀመረው «ኢትዮፒክስ» የሙዚቃ ስብስብ የመጀመሪያ ቅጽ «ሄደች አሉ» ሲገባ፣ አማርኛ የማይሰሙ ሰዎች ወደዱት፤ ልክ እንደ አያቴ። እንግዲህ ቃሏ ብቻዋን አይደለችም። ልጅነት ያልለቀቀው የሙሉቀን ድምፅ ራሱ ወሬ ጠባቂ ነው።

ሙሉቀን በኋላ ዓለማዊ ዘፈን ትቶ፣ መዝሙር ይዞ አሜሪካ ገባ። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ኢንጅባራ ገበያ ስኳር ስገዛ፣ ባለሱቁ ሬዲዮውን ዝቅ አደረገና ስኳሩን ሳይመዝን ቀና ብሎ፣ «ሙሉቀን አረፈ አሉ» አለኝ።