ወረቀቱን ይዛችኋል፤ እጃችሁስ?

(በቅርቡ የሲሲኤንኤን ፈተና አልፈው ሰርተፊኬት ለተቀበሉ ወጣቶች አንድ የኔትወርክ ባለሙያ አዲስ አበባ ውስጥ ያደረጉት ንግግር ከዚህ በታች ቀርቧል። ለአንባቢ እንዲመች ጥቂት ከማሳጠር በቀር አልነካነውም።)



ንግግር አድርግ ስባል እምቢ ብዬ ነበር። እኔ የማውቀው ራክ ሥር ተንበርክኮ ኬብል መፈለግ እንጂ ማይክ መጨበጥ አይደለም። ኋላ ሳስበው ግን እንዲህ ባለ ቀን ሁሉም ሰው የሚናገረው ጣፋጭ ጣፋጩን ነው። “መጪው ዘመን የእናንተ ነው፣ ዓለም በእጃችሁ ናት” ትባላላችሁ። ነገ ጠዋት ሲቪያችሁን ይዛችሁ ስትወጡ ታዲያ ዓለምን በእጃችሁ ሳይሆን የታክሲ ሰልፍ ላይ ታገኟታላችሁ። ስለዚህ መራራውንም የሚናገር አንድ ሰው አይጥፋ ብዬ መጣሁ።

በቅድሚያ ስለያዛችሁት ወረቀት ልናገር። ተራ ወረቀት አይደለም። ፈተናው 200-301 ይባላል፣ ጊዜው 120 ደቂቃ ነው፣ ዋጋው ግብር ሳይጨመርበት 300 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ይኼ ገንዘብ በባንክ ሒሳብ 17 ሺህ ብር ግድም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይህን ከየት እንዳመጣችሁት እናንተና ቤተሰቦቻችሁ ታውቃላችሁ። ደግሞ እንደ ዲግሪ ፍሬም አስገብታችሁ ግድግዳ ላይ የምትረሱት አይደለም፤ ዕድሜው ሦስት ዓመት ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላው ካላደሳችሁት ያልፍበታል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የምናገረው ነገር የሚያኮራ አይደለም። ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ለአንድ ሰው እንኳ ቢጠቅም ማፈሬን እችለዋለሁ።

እኔ ሰርተፊኬቱን መጀመሪያ ያገኘሁት በ2007 ዓ.ም. ነው። የፈተናውን የከፈለችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። ቤይሩት በሰው ቤት ነበር የምትሠራው። ገንዘቡ የሁለት ወር ደመወዟ ግድም ነበር። ካርድ ባለው ሰው በኩል ለምና አስከፈለችልኝ። በስልክ “አንተ ብቻ ፈተናውን እለፍ፣ እኔ እንደሆነ ለምጄዋለሁ” አለችኝ። ምኑን እንደለመደችው አልጠየቅኋትም።

እኔስ ምን አደረግሁ? ዳምፕ አገኘሁ! ዳምፕ ምን እንደሆነ እዚህ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ከፈተና ክፍል ተለቃቅሞ የወጣ ጥያቄ ከነመልሱ ነው። በፍላሽ ይዞራል፣ ዛሬ ደግሞ በቴሌግራም ይዞራል። ሦስት ሳምንት አጠናሁ፤ ማለቴ ሸመደድኩ። አለፍኩ። ቤታችን ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ፣ ጎረቤቱ ሁሉ “ኢንጂነር” አለኝ። እኔም ዝም ብዬ “አሜን” አልኩ።

ከዚያ ሥራ ፍለጋ። አራት ኪሎ ጋዜጣ በኪራይ እያነበብኩ ማስታወቂያ ስገለብጥ ሰባት ወር አለፈ። ማስታወቂያው ሁሉ አንድ ነው። “የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ፣ ተያዥ ማቅረብ የሚችል” ይላል። ልምድ ለማግኘት ሥራ ያስፈልጋል፣ ሥራ ለማግኘት ልምድ ያስፈልጋል። ዶሮዋ ትቅደም እንቁላሉ የሚሉት ዓይነት ጨዋታ ነው። በመጨረሻ ሰው ጥቆማ ሰጥቶኝ አንድ ድርጅት ለፈተና ጠራኝ።

በጽሑፍ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ሸበቶ ኢንጂነር ወደ ትንሽ ክፍል አስገቡኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ራውተር፣ አንድ ስዊች፣ ሁለት ላፕቶፕ አለ። “ሁለቱን ኮምፒዩተሮች በተለያየ ቪላን ውስጥ አድርጋቸው፤ ከዚያ በራውተሩ በኩል አገናኛቸው። 30 ደቂቃ አለህ” አሉኝ። ወገኖቼ፣ ይኼን ጥያቄ በወረቀት ቢጠይቁኝ “ሐ” ብዬ እመልስ ነበር! እጄ ግን የኮንሶል ኬብሉ የት እንደሚሰካ አያውቅም። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ላቤ ጠብ ጠብ ይላል። 30 ደቂቃው አለቀ። ሰውዬው አልተቆጡም። ሰርተፊኬቴን አንስተው አዩና፣ “ልጄ፣ ይኼ ወረቀት የማን ነው?” አሉኝ።

“የእኔ ነው” አልኩ። ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው ግን የእኔ አልነበረም። የእህቴ ነበር። እኔ የሰው ጉልበት በልቼ ነው የመጣሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኼ ነው።

ለዚህ ነው ዛሬ የንግግሬ ርዕስ እጃችሁ የሆነው። ማንም ሰው ዳምፕ አጥንቶ ነው ያለፈው ብዬ አልጠረጥራችሁም። ለራሳችሁ ግን ዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። አንድ ስዊች ከካርቶን አውጥተው ቢያስቀምጡላችሁ፣ ማንም ሳያግዛችሁ ሥራ ታስጀምሩታላችሁ? “አዎ” ካላችሁ ወረቀቱ የእናንተ ነው። “እንጃ” ካላችሁ አትደንግጡ፣ ግን ነገ ጠዋት እንደ አዲስ ጀምሩ። እኔ እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ።

እንዴት ጀመርኩ? በመሰላል! ቢሮ ለቢሮ ኬብል የሚዘረጋ አንድ ትንሽ ድርጅት በቀን ሒሳብ ቀጠረኝ። ግድግዳ መብሳት፣ ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ አቧራ መቃም፣ ኬብል መጎተት። የሰፈሬ ሰዎች “ኢንጂነር” ማለቱን ተዉት። እኔ ግን የተማርኩት ያኔ ነው። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ይኼ ቅደም ተከተል ዛሬ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ ከጣቴ አይጠፋም። አንድ ቀን መጋዘን ውስጥ መጨረሻ ላይ ያለ ኮምፒዩተር አልገናኝ አለ። ጫፉን ደጋግመን ብንሠራው ወይ ፍንክች። በኋላ ኬብሉ ያለፈበትን መንገድ በእርምጃ ስለካው 130 ሜትር ገደማ ሆነ። የመዳብ ኬብል ወሰኑ 100 ሜትር ነው። ይህን ዳምፑ ላይ ሸምድጄው አልፌያለሁ። ያን ቀን ግን በእግሬ ለካሁት፤ በእግር የለካችሁትን አትረሱትም።

ማታ ማታ ደግሞ ፓኬት ትሬሰር። በነፃ የሚገኝ ነው፤ ራውተርና ስዊች መግዛት ለማይችል ሰው እንደ ላቦራቶሪ ያገለግላል። ቆይቼ ከቀን ሥራው ያጠራቀምኩትን ይዤ መርካቶ ሄድኩና አሮጌ ስዊች ገዛሁ። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። እናቴ “ይኼ ነገር የሚፈጨው መቼ ነው?” እያለች ትስቅብኝ ነበር። ሰብኔት ስከፋፍል አመሻለሁ። /26 ሲሆን 64 አድራሻ፣ ለመሣሪያ የሚሰጠው 62። ለምን 62 እንደሆነ የገባኝ፣ ሁለቱን አድራሻዎች ለመሣሪያ ልስጥ ብዬ እምቢ ሲለኝ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከዓመት በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት በረዳትነት ገባሁ። አሁን ሁለተኛውን ጉዴን ልንገራችሁ።

“ሲስተም የለም” የሚባል ነገር አለ አይደል? ሁላችንም ተሰልፈን ሰምተነዋል። አንድ ቀን ሲስተሙን ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ። ጠረጴዛ ሥር ካለች ትንሽ ርካሽ ስዊች ላይ አንድ ኬብል ተንጠልጥሎ አየሁ። ተነቅሎ ነው ብዬ ጫፉን እዚያው ስዊች ላይ ሰካሁት። ደግ የሠራሁ መስሎኛል! የኬብሉ ሌላኛው ጫፍም እዚያው ስዊች ላይ ነበር። ለሁሉም የሚላከው መልእክት ዙሪያውን እየዞረ፣ እየተባዛ፣ ኔትወርኩን አጥለቀለቀው። በደቂቃ ውስጥ መሥሪያ ቤቱ ቆመ። ደንበኛው ተሰልፏል፣ አለቆች ይሯሯጣሉ። ይህን ለመከላከል ራዲያ ፐርልማን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1985 የፈጠረችው ስፓኒንግ ትሪ የሚባል ዘዴ አለ። ፈተናችሁ ላይም ነበር። ያቺ ርካሽ ስዊች ግን እሱን አታውቅም፤ እኔም ብሆን እዚያች ዕቃ ውስጥ ይኖራል ብዬ አልጠረጠርኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ማን አየኝ? ትዝ ያለኝ ግን የሽበታሙ ሰውዬ ጥያቄ ነው። አለቃዬ ጋ ሄጄ “ጋሼ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ኬብል የሰካሁት እኔ ነኝ” አልኳቸው። ሮጠን ነቀልነው፣ ሥራው ተመለሰ። ይባርረኛል ብዬ ዕቃዬን መሰብሰብ ስጀምር አለቃዬ መጥተው፣ “ብትደብቀን ኖሮ እስከ ማታ እንፈልገው ነበር። አሁን ሂድና ሁሉም ኬብል ላይ ስም ጻፍበት” አሉኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ስም ስጽፍ ዋልኩ። በዚህ ሙያ ሁሉም ሰው ያጠፋል። የሚለየው ያጠፋውን የሚናገርና የሚደብቅ ነው። ሰው ቁልፉን የሚሰጠው ለሚናገረው ነው።

ጊዜ እንዳልፈጅባችሁ ጥቂት ምክር ብቻ ልወርውር።

አንደኛ፣ የሠራችሁትን አስቀምጡ። ራውተር ላይ የምትጽፉት ትእዛዝ ካላስቀመጣችሁት የሚኖረው መሣሪያው እስከሚጠፋ ነው። በእኛ አገር ደግሞ መብራት ሲሄድ አያስፈቅድም። ተመልሶ ሲመጣ ራውተሩ እንደተወለደ ሕፃን ምንም አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ሲስኮን ብቻ አታምልኩ። አገራችን ውስጥ የሁዋዌና የዜድቲኢ ዕቃ ሞልቷል፤ ትንሽ ሆቴልና ካፌ ብትገቡ ሚክሮቲክ ታገኛላችሁ። ትእዛዙ ይለያያል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያውን ሥራ አትናቁ። ኬብል መሳብም ይሁን፣ የፀሐፊዋን ፕሪንተር ማስተካከልም ይሁን፣ ግቡበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የሠራችሁትንም በየቀኑ ደብተር ላይ ጻፉት። “ልምድ አለህ ወይ?” ሲሏችሁ ያ ደብተር ይናገርላችኋል።

ታዲያ ሁሉ ነገር በእኛ ትጋት ብቻ የሚፈታ አስመስዬ ከተናገርኩ ዋሸሁ። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል አገልግሎቱ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ብቻ ቆየ። ሁለተኛው ኩባንያ ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ገበያው ጠባብ ሲሆን ወንበሩም ጠባብ ነው፤ ጠባብ ወንበር ላይ ደግሞ ዘመድ ያለው ይቀድማል። ይኼን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እኔ ብደብቀው ማንን አታልላለሁ?

ሌላም አለ። ኔትወርክ የሚጠፋው በተሳሳተ ኬብል ብቻ አይደለም፤ በትእዛዝም ይጠፋል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. አገሩ በሙሉ ኢንተርኔት ተቋርጦበት ሦስት ሳምንት ግድም ቆየ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ ከዓለም ተቆርጣ ኖረች። ደንበኛ ታዲያ የሚደውለው ለቆረጠው አይደለም፤ ለእኛ ነው። ኬብሉ ደህና፣ ራውተሩ ደህና፣ መብራቱ አለ። ምን ትሉታላችሁ? እኔ የምላችሁ እውነቱን ንገሩት ነው። “ዕቃህ አልተበላሸም፣ መስመሩ ተዘግቷል” በሉት። ስለማታውቁት ብልሽት አታውሩ፣ ያልሠራችሁትን ጥገና ሒሳብ አትጠይቁ። እኛ መንገድ ዘርጊዎች ነን። መንገድ ሲዘጋ “ተዘግቷል” ማለት ቢያንስ የሙያው ግዴታ ነው።

ልጨርስ ነው። ያ የመጀመሪያው ሰርተፊኬቴ በ2010 ዓ.ም. ጊዜው አለፈ። በራሴ ደመወዝ ከፍዬ እንደገና ተፈተንኩ። ዳምፕ አላየሁም። ከፈተናው ክፍል ስወጣ ቡና አላስፈላሁም፤ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

እህቴ ከቤይሩት ተመልሳለች። ዓመታት ፈርቼ ፈርቼ አንድ ማታ ስለ ዳምፑ ነገርኳት። “ያንን ገንዘብሽን አባክኜብሽ ነበር” አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣ “እኔስ በስልክ ‘ደህና ነኝ፣ ለምጄዋለሁ’ ስልህ ውሸቴን አልነበረ? አሁን ተቀያየርን” አለችኝ። ከዚያ “ይልቅ የቤቱን ዋይፋይ አስተካክልልኝ፣ ጓዳ ውስጥ አይደርስም” አለች። ተነሥቼ አስተካከልኩላት።

እናንተም ሂዱና የአንድ ሰው ጓዳ ድረስ አድርሱ።