የውጭ አገር ዜጋ በአገራችን መሬት የሚያገኝባቸው ሕጋዊ መንገዶች
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለወረዳ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ማኅበራት አባላትና የሥራ አመራር ኮሚቴዎች፣
የተከበራችሁ የወረዳና የቀበሌ አመራሮች፣
ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች፣



ገበያ ሲሰፋ ከአርሶ አደሩ ማሳ ዳር የሚቆመው ሰው ይበዛል። አንዱ ምርት ሊገዛ ይመጣል፣ ሌላው መሬቱን ራሱን ይፈልጋል። አንዳንዱም በደላላ በኩል «ገንዘቡን ተቀበል፣ ወረቀቱን ቆይተን እናስተካክላለን» ይላል። ስለዚህ ሕጉ ለውጭ ሰው የትኛውን በር እንደከፈተና የትኛውን እንደዘጋ አባላት ጠንቅቀው ሊያውቁ ይገባል።

መነሻው ሕገ መንግሥቱ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ የጋራ ንብረት መሆኑን ደንግጓል። አርሶ አደሩ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለውም ይኸው አንቀጽ ይናገራል። ኢትዮጵያዊው ራሱ የማይሸጠውን መሬት የውጭ ሰው ሊገዛው አይችልም። ቀደም ሲል በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 390 የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን በመርህ ደረጃ ከልክሎ ነበር።

ታዲያ የተከፈቱት በሮች የትኞቹ ናቸው?

አንደኛው ኢንቨስትመንት ነው። ፈቃድ ያወጣ የውጭ ባለሀብት ከመንግሥት መሬት በክፍያ ለተወሰነ ዘመን ይይዛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180 ለሥራው የሚያስፈልገውን የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲያፈራም ፈቅዶለታል። እርሱ የሚይዘው ግን ውል እንጂ የመሬት ባለቤትነት አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በጋምቤላ 100 ሺህ ሄክታር መሬት ለ50 ዓመት፣ በሄክታር በዓመት 20 ብር ኪራይ ለህንዱ ካሩቱሪ ኩባንያ ተሰጥቶ ነበር። መሬቱ በውሉ መሠረት ባለመልማቱ መንግሥት በ2008 ዓ.ም. ውሉን አቋረጠ።

ሁለተኛው በር ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የተከፈተ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የውጭ ዜግነት ያላቸው ወገኖች ቤትና ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳያፈሩ የነበረውን ክልከላ አንሥቷል፤ በኢንቨስትመንትም እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት እንዲቆጠሩ አድርጓል። ይሁን እንጂ መታወቂያው የአርሶ አደር ማሳ መግዣ አይደለም። የዘመድ ልጅም ቢሆን ሕጉ ያው ነው።

ሦስተኛው በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው፣ የውጭ አገር ሰዎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ወይም ባለይዞታ ስለሚሆኑበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ነው። የውጭ ሰው በመስፈርት ቤት እንዲኖረው ይፈቅዳል። «ሕጉ ተለውጧል፣ አሁን መሬት ይሸጣል» የሚል ደላላ ቢመጣ ግን ውሸት ነው፤ አንቀጽ 40 እንዳለ ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣

አርሶ አደሩ ከይዞታው ሳይፈናቀል ከማሳው ከፊሉን ለባለሀብት ማከራየት የሚችልበትን መንገድ የገጠር መሬት ሕጋችን ይፈቅዳል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 የከፈተው መንገድ ነው፤ አሁን በቦታው የተተካው የ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1324 ነው። ዘመኑ የተወሰነ፣ በጽሑፍ የሰፈረና በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የተመዘገበ ውል ያስፈልጋል። መሬቱ የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ከሆነ ደብተሩ የሁለቱ ነውና አንዱ ብቻውን ፈርሞ አሳልፎ መስጠት የለበትም።

ምርቱን ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ መሬት መስጠት ጨርሶ አያስፈልግም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289 አምራቹና ገዢው ከዘር በፊት ስለ ጥራት፣ መጠንና ዋጋ ተዋውለው እንዲሠሩ መንገድ አበጅቷል። ገዢው ምርቱን ይወስዳል፣ ማሳው ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። ዩኒየን ያላቸው አርሶ አደሮች በዚህ መንገድ በአንድ ድምፅ መደራደር ይችላሉ።

አደጋው ከእነዚህ በሮች ውጭ ያለው ነው። በሌላ ሰው ስም የተጻፈ ሽያጭ፣ ብድር የመሰለ ሽያጭ፣ በምስክር ፊት ብቻ የተፈረመ ወረቀት ሁሉ በሕግ ፊት አይቆሙም። ገዢው ገንዘቡን ሊያጣ፣ አርሶ አደሩም ገንዘቡን በልቶ ከጨረሰ በኋላ በፍርድ ቤት ሊንከራተት ይችላል። ያኔ መጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ስለሆነም ሦስት ነገሮች በየማኅበሩ ሊተገበሩ ይገባል። አንደኛ፣ ማንም አባል የመሬት ደብተሩን በመያዣነትም ሆነ «ለማየት» ብሎ ለማያውቀው ሰው አይስጥ። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ውል ከመፈረሙ በፊት ለማኅበሩ ኮሚቴና ለመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ ይታይ። ሦስተኛ፣ የወረዳና የቀበሌ ኃላፊዎች ሕጉን ለአርሶ አደሩ በሚገባው ቋንቋ በየስብሰባው ያስረዱ፤ ያልተመዘገበ ውልም በማኅተም አያጽድቁ።

እንግዳ ይምጣ፣ ይሥራ፣ ይነግድ። መሬቱ ግን ለልጅ የሚተላለፍ አደራ ነው። መልካም በዓል!