ስለ መኪና ጌጥና ስለ ጅማ የእጅ ጥበብ



ሰው የሚሄድበትን ነገር ማስጌጥ የጀመረው ዛሬ አይደለም። አባቶቻችን በቅሎአቸውን ያለ ግላስና ያለ መርገፍ ወደ አደባባይ አያወጡም ነበር። የኮርቻው ጥልፍና የልጓሙ ጌጥ፥ ተቀማጩ ማን እንደ ሆነ ገና ከሩቅ ይናገር ነበር። ፈረስማ ከጌታው ስም ጋር ይጠራ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፥ ዐፄ ምኒልክም «አባ ዳኘው» መባላቸውን የማያውቅ የለም። በጅማም ነገሩ እንዲሁ ነው። ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር በታሪክ የሚታወቁበት ስም የፈረስ ስም ነው።

ዛሬ በፈረሱና በበቅሎው ስፍራ ሞተር ገብቷል፤ የማስጌጥ ፍቅር ግን ከሰው ልብ አልወጣም። በጅማ ከተማ መንገድ ዳር ጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። አንዱ ባጃጅ በፊቱ ዘርፍ አንጠልጥሏል፤ ሌላው ወንበሩን በደማቅ ጨርቅ አልብሷል፤ ሦስተኛው በጀርባው ምሳሌያዊ ንግግር አጽፏል። ቡና በሚለቀምበት ወራት ከአጋሮ፥ ከጎማና ከሊሙ የሚመጡት የጭነት መኪናዎችም፥ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሚጓዙት ቀለማቸውንና ጥቅሳቸውን ይዘው ነው። ባለቤቱ «ይህ የእኔ ነው፤ ከሌላው ይለያል» ሊል ይፈልጋል። ይህ ምኞት የሚያስነቅፍ አይደለም።

በሰፊው ዓለምም ቢሆን የተሽከርካሪ ጌጥ ከታላላቅ ጥበበኞች እጅ የሚገባ ሥራ ሆኗል። የጀርመን ቢ ኤም ደብሊው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1975 ጀምሮ መኪናዎቹን ለታወቁ ሠዓልያን እየሰጠ ያስጌጣል። በ1991 የደቡብ አፍሪካዋ እመት ኤስተር ማሽላንጉ የንዴቤሌ ሴቶች በቤታቸው ግድግዳ ላይ የሚሥሉትን ሐረግ በመኪና ላይ ሣለችው። በ2024 ደግሞ ተራው በአዲስ አበባ ለተወለደችው ሠዓሊ ለጁሊ ምሕረቱ ደረሰ፤ እርሷ ያስጌጠችው የእሽቅድምድም መኪና በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በፈረንሳይ አገር በለ ማን ከተማ በሚደረገው የሃያ አራት ሰዓት ውድድር ላይ ሮጠ። እንግዲህ የመኪናን ገላ እንደ ሥዕል ሸራ አድርጎ ማየት የጎረምሳ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ነገር ግን ሁሉም ጌጥ ጌጥ አይደለም። የፊት መስተዋቱን በጨርቅና በተለጣፊ ሥዕል የሸፈነ ሹፌር ዓይኑን በገዛ እጁ ጋርዷል። የኋላ መብራቱን በቀለም ያጠቆረም በጅማ ዝናብና ጉም ውስጥ ከኋላው ለሚመጣው መንገደኛ ወጥመድ አጥምዷል። ለተሽከርካሪ የሚገባው ጌጥ ማየትን፥ መታየትንና መቆምን የማያውክ ጌጥ ነው።

በዚህ ረገድ ለጌጥ የተመቸ ስፍራ የበሩ እጀታ ነው። እጀታ ትንሽ ናት፤ ማንንም አትጋርድም፤ የሚገባም የሚወጣም ይጨብጣታል። እጀታን በቀለም ወይም በቅርጽ ማስጌጥ የሚሻ ሰው ግን የዕቃውን ጠባይ አስቀድሞ ይወቅ። ክሮም የተለበጠ እጀታ ለስላሳ ስለ ሆነ ቀለም አይጨብጥም፤ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፥ ከቅባት ጸድቶ፥ የመነሻ ቀለም ሊቀባ ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ ሰው ቀለሙ በጥቂት ወራት ሲላጥ ያየዋል። የተለበጠውን እጀታ በመቅረጫ መቅረጽ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያሰጋል፤ ልባጡ ሲበጣ በሥሩ ያለው ማዕድን ለእርጥበት ይጋለጣልና። በጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል፤ ስለዚህ የተቀረጸው ሁሉ በመጨረሻው ውሃ በማያስገባ ቫርኒሽ መታተም አለበት። ከሁሉም በላይ የእጀታው የውስጥ መሣሪያ አይነካ፤ በአደጋ ጊዜ በር የማይከፍት እጀታ፥ የቱን ያህል ቢያምር፥ ሰው ይገድላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ጌጡን የሚሠራው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ከሩቅ አገር የመጣ፥ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት የሆነ የፕላስቲክ ጌጥ ገዝተን እንለጥፋለን። የጅማ ጠራቢ ግን ከአንድ ግንድ፥ ያለ ምስማርና ያለ ማጣበቂያ፥ ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ የሚያወጣ ሰው ነው። በጅሬን ኮረብታ ላይ የቆመው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም የእንጨት ሥራ በዚህ አገር የነበረውን ክብር ይመሰክራል። እንዲህ ያለ እጅ በአጠገባችን ሳለ፥ የመኪናችንን የውስጥ እጀታና የማርሽ መቀየሪያውን አናት ከዋንዛ እንዲቀርጽልን ስለ ምን አንጠይቀውም? በአውሮፓ በውድ መኪናዎች ውስጥ እንጨት የክብር ምልክት መሆኑ የታወቀ ነው።

«ዋንዛውስ ያልቃል» የሚል ሰው ቢኖር ሥጋቱ ተገቢ ነው። ዋንዛ የቡና ጥላ ነው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ከኮሶ፥ ከዝግባና ከጥድ ጋር ጥበቃ ከሚሹት ዛፎች ቈጥሮታል። ይሁን እንጂ ለአንዲት እጀታ ዛፍ አይቈረጥም፤ ከበርጩማው የተረፈው ቍራጭ ይበቃታል። እንዲያውም ለማገዶ ይሄድ የነበረው ፍልጥ ዋጋ ያገኛል።

ነገሩን የሚያከብደው ሌላ ነው። በአገራችን አንጥረኛውን፥ ሸማኔውን፥ ሸክላ ሠሪዋንና ጠራቢውን በሥራቸው መናቅ የቈየ በሽታችን ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አውጥተው ነበር። ስድቡ ዛሬ ቢቀንስም ንቀቱ በዋጋ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። ለፋብሪካ ዕቃ የተጠየቅነውን ሳንከራከር እንከፍላለን፤ ሳምንት ሙሉ ጐንብሶ ለቀረጸ ሰው ግን «እንጨት ብቻ አይደለምን?» ብለን ግማሹን እናስቀንሳለን። ጠራቢው ልጁን ሙያውን ከማስተማር ይልቅ ከሙያው እንዲሸሽ ቢመክረው፥ የሚወቀሰው እርሱ አይደለም፤ እኛ ነን።

ስለዚህ፥ ውድ አንባቢ ሆይ፥ ባጃጅም ይኑርህ የጭነት መኪና ወይም ለሽርሽር የምትነዳት ፈጣን መኪና፥ ልታስጌጣት ስታስብ በመጀመሪያ የሰፈርህን ጥበበኛ ጠይቅ። የምትፈልገውን ሐረግ አሳየው፤ ዋጋውን አስቀድመህ ተስማማ፤ ቀብድ ስጠው፤ ሥራውን ሲያስረክብህም በጀርባው ምልክቱን እንዲያኖር ፍቀድለት። ሌላው ሰው ዓይቶ «ማን ሠራልህ?» ባለህ ጊዜ ስሙን ንገረው። አንተ የምትጠራው ስም ለእርሱ ሁለተኛ ደንበኛ ነው፤ ለልጁም ሙያውን የሚወርስበት ምክንያት ይሆነዋል።